አፋርኛን ማስተማር እና በአፋርኛ ማስተማር፤ በአዋሽ ሸለቆ ስላለው የሁለት ቋንቋ ትምህርትና ስለ ስያሜዎቹ የቀረበ ሒስ

ስለ ሁለት ቋንቋ ትምህርት በአማርኛ የተጻፉ ጽሑፎችን፣ መመሪያዎችንና የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችን ስንመረምር ከሁሉ አስቀድሞ ዐይናችን ያረፈው በአንዲት ፊደል ላይ ነው። «ሁለት ቋንቋ ማስተማር» እና «በሁለት ቋንቋ ማስተማር» የተባሉት ሐረጎች የሚለያዩት በመስተዋድዷ በ‹በ› ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቋንቋውን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት መስጠትን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ሒሳቡን፣ ሳይንሱንና ኅብረተሰቡን በዚያ ቋንቋ አማካይነት ማስጨበጥን ይናገራል። የቋንቋ ሰዎች ይህን ልዩነት አያጡትም። ሆኖም በሥራ ላይ ሁለቱ ሐረጎች አንዱ በሌላው ቦታ እየገቡ፣ አፋርኛ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት በአፋርኛ ከሚያስተምር ትምህርት ቤት ጋር በአንድ መዝገብ ሲቈጠር ይታያል። ይህ ጽሑፍ የአፋር ክልልን፣ በተለይም የአዋሽንና የሰመራን ከተሞች ምሳሌ አድርጎ፣ የስያሜ መደናገር የትምህርቱን ሥራ እንዴት እንደሚያሰናክልና የመዝገበ ቃላት ሙያተኞች ድርሻ ምን ሊሆን እንደሚገባ ለማመልከት ይሞክራል።

ሀ. ስለ ሦስት ስያሜዎች

የመጀመሪያው ስያሜ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለው ነው። ስያሜው ውብ ነው፤ የሕፃን አፍ የሚፈታበትን የመጀመሪያ ንግግር በሥዕል ያሳያል። አፋሮችም ቋንቋቸውን «ዐፋር አፍ» ብለው ሲጠሩ በዚሁ ‹አፍ› በሚለው ቃል ይጠቀማሉ፤ በአፋርኛም በአማርኛም ቃሉና ፍቹ አንድ ነው። ይሁን እንጂ «የአፍ መፍቻ» የሚለው ስያሜ በነጠላ ቍጥር የቆመ ስለሆነ፣ አፉ በአንድ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቋንቋ ለተፈታ ልጅ ቦታ የለውም። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ገበያ ውስጥ ያደገ ልጅ ከእናቱ ጋር በአፋርኛ፣ ከጎረቤቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከባለ ሱቁ ጋር በአማርኛ ሲነጋገር ቢውል የሚያስገርም ነገር የለም። የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ቅጽ ግን ከልጁ አንድ ቃል ብቻ ይጠብቃል። ቅጹ የጠየቀውን ቃል ወላጁ ይሰጣል፤ ያ ቃልም የልጁን የስድስትና የስምንት ዓመት ዕጣ ይወስናል።

ሁለተኛው ስያሜ «ልሳነ ክልኤ» ነው። ይህ ከግዕዝ የተገኘ ስያሜ ሁለት ቋንቋ የሚናገርን ሰው ለመግለጽ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለሰው የተሰጠው ስያሜ ሳይመረመር ለከተማና ለትምህርት መርሐ ግብር ሲተላለፍ ነው። ልሳነ ክልኤ የሆነ ሰው አለ፤ ልሳነ ክልኤ የሆነ ከተማ አለ፤ ልሳነ ክልኤ የሆነ ትምህርት ቤትም ሊኖር ይችላል። አዋሽ ልሳነ ክልኤ፣ እንዲያውም ልሳነ ብዙ ከተማ ናት ማለት በውስጧ ያለው ትምህርት ቤት በሁለት ቋንቋ ያስተምራል ማለት አይደለም፤ ልጁ ሁለት ቋንቋ መናገሩም በሁለቱ ቋንቋ ማንበብና ማሰብ ተምሯል ለማለት አያስችልም። ጂም ከሚንስ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የዕለት ተዕለት መግባቢያ ችሎታንና ለትምህርት የሚያስፈልገውን የቋንቋ ችሎታ የለየው ይህን የመሰለ ስሕተት ለማረም ነበር። ልጅ በሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወትበት ቋንቋ ክፍልፋይን የሚያካፍልበት ቋንቋ እስኪሆን ድረስ ዓመታት ያልፋሉ።

ሦስተኛው ስያሜ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ነው። በትምህርት ሥርዓታችን «መደበኛ» እና «አማራጭ» የተባሉ ሁለት ቃላት ይሠራባቸዋል። «አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት» የሚባለው የመጀመሪያውን እርከን አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት አጠቃሎ፣ ከመደበኛ ትምህርት ቤት ርቀው ለሚኖሩ ልጆች የሚሰጠው ትምህርት ነው። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ ለትምህርት ሚኒስቴር ስለ ማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ባቀረቡበት ጊዜ፣ በአፋር ክልል መደበኛዎቹ ትምህርት ቤቶች በአማርኛ ሲያስተምሩ አፋርኛ በማስተማሪያነት የሚያገለግለው በአማራጭ ጣቢያዎች ነበር። እንግዲህ ከክልሉ ነዋሪ እጅግ የሚበዛው ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ በ«አማራጭ» ሥር፣ የጥቂቱ ቋንቋ በ«መደበኛ» ሥር ተመዘገበ ማለት ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቈጠራ የክልሉን ሕዝብ 1,390,273 ሲያደርስ ከዚህ ውስጥ 90 ከመቶ ያህሉ አፋሮች እንደ ነበሩ እናስታውስ። ቃላቱን የመረጡት ሰዎች ክፉ ሐሳብ ነበራቸው አንልም፤ ስያሜዎቹ የተሰጡት ለትምህርት ቤቱ ዓይነት እንጂ ለቋንቋው አልነበረም። ሆኖም ስያሜ አንዴ ከተሰጠ በኋላ የራሱን ፍች ያፈራል። ወላጅ «አማራጭ» የሚለውን ቃል ሲሰማ «ሌላ ሲጠፋ የሚወሰድ» ብሎ ይረዳል፤ በዚያ የሚነገረውንም ቋንቋ በዚያው ሚዛን ይመዝነዋል።

ለ. ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ

አፋርኛ በኢትዮጵያ የትምህርት ቋንቋ እንዲሆን የተደረገው ጥረት ትናንት የተጀመረ አይደለም። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ አፋርኛ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም በፊደል ገበታ ዝግጅቱ ተካፍሏል። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው ደነገገ። አፋርኛም ዲሚስና ሬዶ በሚል ስም የሚታወቁት የቋንቋው ሊቃውንት በላቲን ፊደል ላይ መሥርተው ያዘጋጁትን አጻጻፍ ያዘ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት አፋርኛን ጨምሮ አራት ቋንቋዎች ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ መወሰኑን አስታወቀ።

እነዚህን ዓመታት በተከታታይ ስንመለከታቸው እያንዳንዱ ውሳኔ ለቋንቋው መብት ሰጥቷል። መብት ግን በራሱ የሒሳብ መጽሐፍ አይጽፍም። በሚኒስቴሩ ጥያቄ የተካሄደው ከላይ የጠቀስነው ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች የተሻለ ውጤት እንደሚያስመዘግቡ አሳይቶ፣ የስምንት ዓመቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት እንዲጸና መክሯል። ድምዳሜው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1953 ስለ አገር ቋንቋዎች በትምህርት ያሳተመው መጽሐፍ ከያዘው ሐሳብ ጋር ይስማማል፤ እኛም እንቀበለዋለን። ነገር ግን ጥናቱ ሥራውን በዓመትና በክፍል የለካው ስለ ሆነ፣ ውሳኔውን ወደ ተግባር የሚለውጠው ሰው «ስምንት ዓመት» የሚለውን ቍጥር ይዞ ይሄዳል እንጂ ለስምንቱ ዓመት የሚበቃ ቃል አለ ወይ ብሎ ለመጠየቅ አይገደድም። ይህ ጥያቄ የቀረው ለእኛ ለመዝገበ ቃላት ሰዎች ነው። ወቀሳም ካለ በቅድሚያ የሚያርፈው በእኛ ላይ ነው።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ የሚያልፍ አንድ ልጅ እናስብ። ሦስቱን ዓመት በአማራጭ ጣቢያ፣ በአፋርኛና በላቲን ፊደል ተምሮ ጨረሰ። አምስተኛ ክፍል ለመግባት ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ሲመጣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መጽሐፍ ተሰጠው። ጥቂት ዓመት ቆይቶም እንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሆኖ ይጠብቀዋል። ልጁ ቋንቋውንም ፊደሉንም ባንድ ቀን ለወጠ። በሦስት ዓመት ያገኘው የሒሳብና የሳይንስ ቃል ሁሉ በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ አቻው አልተመለከተለትም፤ አንድ ገጽ የሚሆን የሁለት ቋንቋ የቃላት ዝርዝር እንኳ በመጽሐፉ መጨረሻ ቢኖር በተሻገረ ነበር። ትምህርቱን ትቶ ወደ ከብቶቹ የሚመለሰው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ከዚህ ደፍ ላይ ነው ብለን እንሠጋለን።

ሐ. አዋሽና ሰመራ

ለአንድ ክልል ሁሉ የሚወጣ የቋንቋ መመሪያ አንድ ዓይነት አካባቢ አለ ብሎ ይነሣል። የአዋሽ ሸለቆ ግን ይህን ግምት አይቀበልም። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ናት። የሐዲዱ ሠራተኛ፣ ነጋዴው፣ የጭነት መኪና ሾፌሩና አርብቶ አደሩ የተገናኙባት፣ ‹ቡፌ› የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ከጣቢያው ምግብ ቤት ጋር አብሮ የገባባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ የአፋር፣ የከረዩና የኢቱ ኦሮሞ እንዲሁም የአርጎባ ሕዝቦች ይኖራሉ፤ ወደ ምሥራቅም ሶማልኛ ይነገራል። በዚህች ከተማ ከቤቱ ሲወጣ አማርኛን የማይሰማ ልጅ አይገኝም ማለት ይቻላል።

ሰመራ በሌላው ጫፍ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከአሳይታ ቀጥላ የክልሉ ርእሰ ከተማ የሆነች፣ ለአስተዳደር ተብላ የተቈረቈረች አዲስ ከተማ ናት፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲም በዚያው ይገኛል። በከተማዋ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሰው ከየአገሩ ተሰብስቧል፤ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲሉ ግን አፋርኛ ብቻ የሚነገርበት የአርብቶ አደር አገር ይጀምራል። እዚያ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አማርኛን የሚሰማው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ስለዚህ «በአፋርኛ ማስተማር» የሚለው ሐረግ በሁለቱ ከተሞች አንድ ተግባር ሊሆን አይችልም። በሰመራ ዙሪያ በሚገኘው የአርብቶ አደር ሠፈር አፋርኛ ብቸኛው የመነሻ መንገድ ነው፤ አማርኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ፣ ከፊደሉ ጀምሮ፣ በጥንቃቄ ሊሰጥ ይገባል። በአዋሽ ከተማ ግን አንዱን ቋንቋ ብቻ ማስተማሪያ ማድረግ ሌላውን ልጅ ይበድላል። በዚያ የሚሻለው አፋር ያልሆነው ልጅ አፋርኛን፣ አፋሩም ልጅ አማርኛን በእኩል ክብደት የሚማርበት፣ ሁለቱም በሚያውቁት ቋንቋ ትምህርታቸውን የሚጀምሩበት በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ሥርዓት ነው። የ1986ቱ ፖሊሲ የምርጫ በር ከፍቶ ስለተወ ይህን አልከለከለም። የሚከለክለው «የሁለት ቋንቋ ትምህርት» በሚል አንድ ስያሜ ሁለቱን ሥርዓቶች አንድ አድርጎ የሚቈጥረው ልማዳችን ነው። ስለሆነም ሁለቱ በየራሳቸው ስም እንዲጠሩ እናሳስባለን፤ የመጀመሪያውን «በአፍ መፍቻ የሚነሣ ትምህርት»፣ ሁለተኛውን «የመለዋወጫ ሁለት ቋንቋ ትምህርት» ብለን ለውይይት አቅርበናል። የተሻለ ስያሜ ያለው ሰው ቢያቀርብ ደስ ይለናል።

መ. ሦስት ፊደላት

የፊደል ምርጫው ክርክር አልፏል፤ እዚህ የምንመልሰው አይደለም። ነገር ግን የምርጫው ውጤት በክፍል ውስጥ ምን እንደሚያስከትል ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በላቲን ፊደል የሚጻፉትን አራት ቋንቋዎች ማለትም አፋርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ሶማልኛንና እንግሊዝኛን ወስደን ‹ሲ›፣ ‹ኤክስ› እና ‹ኪው› የተባሉትን ሦስት ፊደላት እንመልከት።

‹ሲ› በእንግሊዝኛ አንዴ ክ አንዴ ስ ተብላ ትነበባለች፤ በኦሮምኛ ጭ ናት፤ በሶማልኛ የጕሮሮዋ ዐ ናት፤ በአፋርኛ ሐ ናት። ‹ኤክስ› በእንግሊዝኛ ክስ፣ በኦሮምኛ ጥ፣ በሶማልኛ ሐ፣ በአፋርኛ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚነገር የድ ድምፅ ናት። ‹ኪው› በእንግሊዝኛ ከተከታይዋ ጋር ክው ትላለች፤ በኦሮምኛ ቅ ናት፤ በሶማልኛ ከጕሮሮ ጠልቃ የምትወጣ ቅ ናት፤ በአፋርኛ ደግሞ ዐ ናት። የሕዝቡና የክልሉ ስም በአፋርኛ አጻጻፍ በ‹ኪው› የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ በሰሌዳ ላይ ሲያነቡት «ቃፋር» የሚሉ መንገደኞችም ብዙዎች ናቸው። ከመተሐራ ተነሥቶ አዋሽ የገባ፣ ቁቤ የቈጠረ ልጅ ቤቱን ሳይለቅ ያህል ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጕዞ የሦስት ፊደላት ድምፅ ተለወጠበት። መምህሩ ይህን ካላወቀ ልጁን ሰነፍ ይለዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። በአማርኛ ዐና አ፣ ሐና ሀ በድምፅ ተዋሕደው ቀርተዋል፤ አፋርኛ ግን ልዩነታቸውን ይፈልጋል። እኛ «አፋር» ብለን የምንጽፈው ስም በአፋሮች አንደበት «ዐፋር» ነው። በግዕዝ ፊደል ስለ አፋርኛ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ እነዚህን ፊደላት እንደ ዘፈቀደ ሳይሆን እንደ ድምፃቸው ቢጽፍ ለአንባቢ ይጠቅማል። በሌላ በኩል የግዕዝ ፊደል የአናባቢን ርዝመት አይለይም፤ አፋርኛ ደግሞ አምስቱንም አናባቢዎች በአጭርና በረጅም ይለያል። በአጭሩ ‹ሌ› ማለት «አለው» ሲሆን፣ ተጐትቶ የሚነገረው ‹ሌ› «ውሃ» ነው። በበረሃ አገር እነዚህን ሁለት ቃላት ማምታታት ምን እንደሚያመጣ ማብራራት አያሻም። የላቲኑ አጻጻፍ አናባቢውን ደግሞ በመጻፍ ይህን ፈትቶታል። የድምፅ አጽንዖትን ግን እሱም አያሳይም። ባዻ የሚለው ቃል አጽንዖቱ በፊተኛው ቀለም ላይ ሲያርፍ ወንድ ልጅ፣ በመጨረሻው ላይ ሲያርፍ ሴት ልጅ ማለት ነው። ለመማሪያ መጽሐፍ ይህ ላያስፈልግ ይችላል፤ አፋርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር የአዋሽ ልጅ የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት ግን ያለዚህ ምልክት ጎደሎ ነው።

ሠ. የሙያ ቃላት ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንመጣለን። የክልል ቋንቋዎች የመማሪያ መጻሕፍት በብዛት የሚዘጋጁት በማዕከል ከወጣው መርሐ ትምህርት ተነሥቶ፣ ከእንግሊዝኛ ወይም ከአማርኛ በመመለስ ነው። ስለዚህ አፋርኛው ተርጓሚ የሚቀበለው ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ተተርጕሞ ያለቀ ቃል ነው። የአማርኛው ቃል የተደናገረ ከሆነ መደናገሩ ተባዝቶ ይሄዳል። ለምሳሌ በአማርኛ የፊዚክስ ትምህርት «ኃይል» እና «ጕልበት» አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ኖረዋል፤ አንዱ ጸሐፊ በአንዱ የሚጠራውን ጽንሰ ሐሳብ ሌላው በሌላው ይጠራዋል። እኛ በራሳችን ቋንቋ ያልለየነውን ነገር አፋርኛው ተርጓሚ እንዲለይልን መጠበቅ ፍርድ አይደለም።

ሌላው ወጥመድ ተመሳሳይ መልክና የተለያየ ፍች ያላቸው ቃላት ናቸው። አፋርኛ ለመጽሐፍ የሚገለገልበት ቃል ከዐረብኛ የመጣው ‹ኪታብ› ነው። አማርኛም ከዚያው ምንጭ ‹ክታብ›ን ወርሷል፤ ፍቹ ግን ባንገት የሚንጠለጠል የታሸገ ጽሑፍ ሆኗል። አማርኛ ተናጋሪው መምህር በአፋርኛ ክፍል ውስጥ ‹ኪታብ› የሚለውን ሲሰማ ፈገግ ቢል፣ ልጁም መምህሩ በመጽሐፉ ለምን እንደሳቀ ሳይገባው ቢቀር፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስጠነቅቅ መዝገበ ቃላት በእጃቸው አለመኖሩ ነው።

ስለ አዲስ ቃል አፈጣጠርም አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የአገር በቀል ቃላትን ለዘመናዊ ጽንሰ ሐሳብ መስጠት መልካም ነው፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ‹ማድዓ› የአፋር ባህላዊ ሕግ ነው፤ ሽማግሌዎች በቃል ይዘው ያለፉትን ፍርዶች እያጣቀሱ የሚዳኙበት ነው። የመንግሥትን አዋጅ በ‹ማድዓ› መተርጐም ለጆሮ ይጥማል። ይሁን እንጂ ልጁ ሁለት የተለያዩ የፍርድ ምንጮችን በአንድ ስም ሲማር የትኛው መቼ እንደሚሠራ ይጠፋበታል። ‹ዳጉ›ም እንደዚሁ ነው። ዳጉ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው የሚሰጣጡት፣ ሰሚው በእውነት የማድረስ ግዴታ ያለበት የወሬ ልውውጥ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ለተከማቸ ቍጥር ይህን ስም ብንሰጥ ከቃሉ ውስጥ ኃላፊነቱን አውጥተን ጣልነው ማለት ነው። አማርኛ «መረጃ»ን ለሁሉም ነገር ሰጥቶ ዛሬ «ማስረጃ»ን ከ«መረጃ» ለመለየት እንዴት እንደሚቸገር እያየን ያንኑ ስሕተት ለአፋርኛ አናውርስ። በአንጻሩ የክልሉ ዞኖች በቍጥር መጠራታቸው ቀርቶ አውሲ ረሱ፣ ገቢ ረሱ፣ ቅልበቲ ረሱ እየተባሉ መጠራታቸው የተሳካ ስያሜ ምሳሌ ነው፤ ስሙ ከሕዝቡ አፍ ተወስዶ ለአንድ የተወሰነ ነገር ብቻ ዋለ።

ከሌላ አገር ልምድ ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በናይጄሪያ በኢፌ የተጀመረው ስድስት ዓመት በዮሩባ የማስተማር ሙከራ የሒሳብና የሳይንስ ቃላትን ከመጽሐፉ ዝግጅት ጋር አብሮ ማበጀት እንደሚቻል አሳይቷል። የአፋርኛ ዘመድ የሆነው ሶማልኛም እ.ኤ.አ. በ1972 ጽሕፈቱ ከተወሰነ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት እስኪዘጋጁበት ድረስ የሙያ ቃላትን አበጅቷል። በሁለቱም ዘንድ የቃል ሥራው ከመማሪያ መጽሐፉ ተለይቶ አልቆየም።

ረ. ስለ መዝገበ ቃላቱ ሥራ

አፋርኛ በመዝገበ ቃላት ያልታደለ ቋንቋ አይደለም። ሬይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ፣ ብሊስ በ1981 ስለ ሰዋስው ጽፈዋል፤ ኢኒድ ፓርከርና ሪቻርድ ሄይዋርድ በ1985 በለንደን ያሳተሙት የአፋርኛ፣ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ሥራዎቹ የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን የተጻፉት ለውጭ አጥኚ ነው፤ ፍቻቸውም በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ስለሆነ ለአምስተኛ ክፍል ልጅና ለአማርኛ ተናጋሪው መምህሩ በቀጥታ አይደርሱም።

ለትምህርት ቤት የሚሆን የአፋርኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ የአማርኛውን ልማድ እንዳለ መገልበጥም አይበጅም። በአማርኛ ግሥን የምናስገባው በሩቅ ወንድ ኃላፊ ነው፤ «በላ» እንላለን። በአፋርኛ ግን አንድ ክፍል ግሦች ባለቤታቸውን በፊት ቅጥያ ያመለክታሉ፤ ‹ኦክሜ› በላሁ፣ ‹ቶክሜ› በላህ ወይም በላች፣ ‹ዮክሜ› በላ ማለት ነው። ልማዳችንን ከተከተልን እነዚህ ግሦች ሁሉ በአንድ በ‹የ› ፊደል ሥር ተከማችተው ልጁ የሚፈልገውን ቃል አያገኝም። መግቢያው በአንደኛ መደብ ቢሆንና የቀሩት ከሥሩ ቢዘረዘሩ ይሻላል እንላለን።

ከአፋር ወላጆች ዘንድ የሚሰማ ተቃውሞም አለ፤ ችላ ልንለው አይገባም። «ልጄ አማርኛ ካላወቀ በመሥሪያ ቤት፣ እንግሊዝኛ ካላወቀ በዩኒቨርሲቲ በር ይዘጋበታል፤ አፋርኛውንማ ቤቱ ያውቀዋል» ይላሉ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። መልሱም ልጁን ከአማርኛ ማራቅ ሊሆን አይችልም፤ አማርኛን በሚያውቀው ቋንቋ ላይ ቆሞ እንዲማር ማድረግ ነው። ‹ቤቱ ያውቀዋል› የተባለው አፋርኛም የከብትና የውሃ፣ የዝምድናና የጕዞ አፋርኛ ነው፤ የክፍልፋይና የሴል አፋርኛ በቤት ውስጥ የለም፤ ሠርቶ ማስገኘት ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው። ይህን ካላደረግን የወላጆቹ ጥርጣሬ ልክ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ለአንባብያን አቅርበናል። አንደኛ፣ በሪፖርትና በመመሪያ ሁሉ ቋንቋን ማስተማርና በቋንቋ ማስተማር በተለያየ ዓምድ ይመዝገቡ። ሁለተኛ፣ ወደ ሌላ ማስተማሪያ ቋንቋ በሚተላለፍበት ክፍል የሚሰጥ መጽሐፍ ሁሉ በመጨረሻው ገጽ የአፋርኛ፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ የሙያ ቃላት ዝርዝር ይኑረው። ሦስተኛ፣ የሙያ ቃል የሚበጀው በጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን ከአርብቶ አደሩ ጋር እየተንቀሳቀሱ በአፋርኛ ማንበብና መጻፍ ከሚያስተምሩት መምህራን ጋር ይሁን፤ የትኛው ቃል በልጅ ጆሮ እንደሚገባና የትኛው እንደሚመለስ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። አራተኛ፣ አፋርኛ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ የሚነገር ቋንቋ ስለሆነ፣ በአንዱ አገር የተበጀ ቃል ሌላው ሳያየው አይጽና፤ የኤርትራ አፋሮች በመጀመሪያ ደረጃ በቋንቋቸው ሲማሩ ያፈሩት ቃል፣ የጅቡቲዎቹም ከፈረንሳይኛና ከዐረብኛ ጋር የገጠሙት ልምድ ለሰመራው አዘጋጅ ይጠቅመዋል።

ይህን ስንጽፍ ቋንቋው የእኛ ያልሆነ፣ ሥራው ግን የእኛ የሆነ መሆኑን አልዘነጋንም። በአፋርኛ ቃላት አጻጻፍም ሆነ ፍች ላይ ስሕተት ፈጽመን ከሆነ ተናጋሪዎቹ እንዲያርሙን በትሕትና እንጠይቃለን፤ የተላከልን እርማትም በሚቀጥለው እትም ይወጣል። የስያሜዎቹን ሒስ በተመለከተ ግን አቋማችን የጸና ነው። በአዋሽ የሚመዘገበው ልጅ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚጻፍበት ቅጽ፣ ከሰመራ ማዶ ያለውም ልጅ አምስተኛ ክፍል ሲገባ አቻ ቃሉን የሚያገኝበት ገጽ እስኪኖረው ድረስ፣ «የሁለት ቋንቋ ትምህርት» የሚለው ስያሜ በሪፖርቶቻችን ላይ ከመፈጸሙ አስቀድሞ የተጻፈ ሆኖ ይቆያል።